ኤኮ ጨምርበት!

በምዕራብ ጎጃም ጥር ሲገባ ከሙሽራው፣ ከሚዜውና ከጠጁ ቀድሞ ሰርግ ቤት የሚደርሰው ሞንታርቦ ነው። ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ በአይሱዙ ይጫናል፤ አስፋልቱ ሲያልቅ ወደ ጋሪ ይዛወራል፤ ጋሪው እምቢ ሲል ጎረምሳ ይሸከመዋል። ደጋሹ በሬ ይሽጥ ወይም ይበደር፣ ዳሱ ቅጠል ይልበስ ወይም የኪራይ ሸራ፣ ያ ግዙፍ ጥቁር ሣጥን ግራና ቀኝ ካልቆመ ሰርጉ በድብቅ የተፈጸመ ይመስላል። ጎረቤት ቀበሌ ካልሰማውማ ማን ከማን ተጋባ ሊባል ነው?

«ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» የሚለው ተረት በቡሬ ለወጡ አይሠራም። የበርበሬ አገር ነውና እናቶች ቀንጥሰው፣ ደልዘው፣ አስፈጭተው ከጨረሱ ቆይተዋል። ዛሬ ተረቱ የተረፈው ለባለሳውንዱ ነው። አጃቢው ከወንዙ ማዶ ብቅ ሲል እሱ ገና የጠፋ ጃክ ይፈልጋል፤ ሽቦ በጥርሱ ይልጣል፤ የማንን መጋዝ ነው የወሰድኸው ከሚል ጎረቤት ጋር ይጨቃጨቃል። ከዚያ ማይኩን አንስቶ «ሀሎ፣ ሀሎ፣ ቼክ፣ አንድ፣ ሁለት…» ይላል። ሦስት ብሎ የቆጠረ ባለሳውንድ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ሁለት ላይ ከዳሱ ጥግ አንዱ «ኤኮ ጨምርበት!» ብሎ ይጮሃል፤ ይጨመራል። ሌላው «ኧረ ጨምርበት፣ ምን ትሰስታለህ!» ይላል፤ አሁንም ይጨመራል። «ቀንስ» ያለ ሰው በታሪክ አልተመዘገበም።

ኤኮ ሌላ ነገር አይደለም፤ የገደል ማሚቶ በኤሌክትሪክ ነው። የብርን ሸለቆ አሻግሮ ጓደኛውን የሚጣራ እረኛ በነጻ የሚያገኘውን ድምፅ እኛ ኪራይ ከፍለን፣ ቤንዚን ገዝተን፣ ባለሙያውን ቁርጥ አብልተን እናስመጣዋለን። ይሁን፣ ሰርግ ነው። ችግሩ የሚመጣው ምርቃት ላይ ነው። አንድ ሰርግ ላይ ለሙሽራዋ አያት ማይክ ሰጧቸው። አያት ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣችሁ!» አሉ። ማሽኑ የመጀመሪያዋን ፊደል ዋጠና ቀሪውን ይዞ ተጓዘ፦ «…ያሳጣችሁ… ያሳጣችሁ… ያሳጣችሁ…»

ታዳሚው በልማዱ «አሜን!» አለ።

አያት ደነገጡ። ማይኩን ከአፋቸው አርቀው ወደ ኋላ እየተገላመጡ «ማነው ከኋላዬ የሚራገመው?» አሉ። ማሽኑ ይህንንም «…ራገመው… ራገመው…» ብሎ አጸደቀው። የቀረውን ምርቃት ያለ ማይክ ጨረሱት። ማታ ላይ ታዲያ የልጅ ልጆቹ አኮረፉ፤ ለምን ቢባል፣ የቪዲዮው ድምፅ መሐል ላይ ጎደለ።

ቡሬ ላይ ያየሁት ባንድ ሁለት ሰው ነበር። ሁለት ናችሁ ቢሏቸው ይቆጣሉ፤ ከበሮ መቺው፣ ቤዙ፣ ሳክስፎኑና ማሲንቆው ፍላሽ ውስጥ ናቸዋ። አንደኛው ባለኪቦርድ ነው፤ ሽማግሎቹ «ኦርጋኒስቱ» ይሉታል። ሁለተኛው ጊታር ይይዛል። ጊታሩ የራሱ ማጉያ ስለሌለው በማይኩ መስመር ገብቷል፤ የዚያ መስመር የኤኮ ቁልፍ ደግሞ መጨረሻው ላይ ተጣብቆ አልንቀሳቀስ ብሏል። ስለዚህ ልጁ አንዲት ክር በነካ ቁጥር ድምፁ ዳሱን ይሞላል፤ ሳይሞት ሌላው ይደረብበታል፤ ሁለቱ ተቃቅፈው ወደ ፈጠም ወንዝ አቅጣጫ ይወርዳሉ። ከሥር የማሽኑ ከበሮ የጎጃምን ምት ሳያዛንፍ ይደልቃል። መሐል ላይ ኪቦርዱ ማሲንቆ ነኝ እያለ ያላዝናል። የጠላዬን ጣሳ ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ቀልድ አይደለም፣ አምሮ ነበር። ልጁ ሲያርፍ ሄጄ አመሰገንሁት።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ሚክሰሩ ተበላሽቶብን ነው» አለኝ አንገቱን ደፍቶ። «ለሚቀጥለው ሰርግ ይስተካከላል።»

ይህን ብልሽት ፍለጋ በሌላው ዓለም ሰው ዕድሜውን ይጨርሳል። የማሽን ከበሮና በጭጋግ የተሸፈነ የሮክ ጊታር አቀላቅለው የሚጫወቱ፣ ትልልቅ ኩባንያ ያላቀፋቸው ባንዶች ከለንደን እስከ ቶኪዮ ሞልተዋል። ለጭጋጉ መንገድ ከጠረጉት አንዱ ማይ ብለዲ ቫለንታይን የሚባለው ቡድን ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣውን «ላቭለስ» የተሰኘ አልበማቸውን ለመጨረስ ሁለት ዓመት ያህል ከስቱዲዮ ስቱዲዮ ተንከራተዋል። የዚያ ዘመን የእንግሊዝ ልጆች መድረክ ላይ ቆመው ሕዝቡን አያዩም ነበር፤ እግራቸው ሥር የተደረደረውን የድምፅ መለወጫ ፔዳል በጫማቸው ሲረግጡና ሲለቁ አንገታቸውን እንደ ደፉ ዘፈኑ ያልቃል። ጎጃም ውስጥ ጫማውን እያየ የሚጫወት ሰው ጾሙን ያድራል። አዝማሪ የሚያየው የባለ ኪሱን ፊት ነው፤ ማን ፈገግ አለ፣ ማን ኮራ፣ ማን እጁን ወደ ጉያው ላከ። የቡሬው ጊታሪስት ብቻ ነው አንገቱን ሲደፋ ያየሁት፤ እሱም በሚክሰሩ አፍሮ።

ለነገሩ ድምፅን ማንሳፈፍ ለዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። በገና አሥር ክር አለው፤ በየክሩ ሥር፣ ክሩ በሚያርፍበት ድልድይ ላይ፣ ቁራጭ ቆዳ ይገባል፤ ያ የሚነዝር፣ ደረት ውስጥ ገብቶ የሚቀር ድምፅ የሚመጣው ከቆዳዋ ነው። ፈረንጅ በፔዳል የሚያመጣውን አባቶቻችን በቆዳ ቁራጭ ጨርሰውት ነበር። ከፍኖተ ሰላም ብዙ የማትርቀው ማንኩሳ ደግሞ የሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ ጀግና፣ የበዛብህ አገር ናት። በዛብህ ለስለት ተሰጥቶ ዜማ የተማረ ልጅ ነው፤ አንዲት ቃል ስንት ትንፋሽ ተጎትታ እንደምትዘልቅ ያውቃል። ሞንታርቦ ቢሰጡት ምን ያደርግ ነበር እያልሁ አልፎ አልፎ አስባለሁ። ሰብለ ወንጌልን ለማስተማር ፊታውራሪ መሸሻ ቤት በማይክ የሚገባ መምህር! ያ ሁሉ ገጽ ፍቅር በአንድ ምሽት ይጋለጥ ነበር።

የአዲስ አበባ ልጆችም ጊታርና ማሽን ከኛ ዜማ ጋር ለማጋባት ሽማግሌ ከላኩ ቆይተዋል። ጃኖ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2012 «ኤርታሌ»ን ሲያወጣ ፕሮዲዩሰሩ አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነበር። ስሙን ከመኳንንት ቀይ ጥለት ልብስ፣ ድምፁን ከከባድ ሮክ ጊታር ያመጣ ባንድ ነው፤ እኔ እወደዋለሁ። ከባሕር ዳር ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወርድ ቅጥቅጥ ውስጥ ግን እጣው ሌላ ነበር። ሹፌሩ ዘፈኑን ከፍቶ ድምፃውያኑ ሲዘፍኑ ራሱን እየነቀነቀ ሄደ። ጊታሪስቱ ብቻውን ገብቶ መጮህ ሲጀምር ረዳቱ «ይኼ ጊታር ምን ሆነ? አሞታል እንዴ?» አለ። ሹፌሩ ሊያጠፋው እጁን ሲሰድ ከኋላ አንድ ባለ ጋቢ አዛውንት አስቆሙት።

«ተወው ልጄ፣ ይውጣለት።»

ያው ሹፌር ሮፍናን ሲመጣ ምንም አላለም። «ነጸብራቅ» በ2010 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ የዲጄና የባሕል ድምፅ መቀላቀል በአዲስ አበባ ስንት ሐተታ ተጻፈበት፤ አብዮት ነው ተባለ፤ ዘመን ተከፈለበት። ሹፌሩ ግን ከበሮ ከማሽን መውጣቱ ምኑ እንደሚደንቅ አልገባውም፤ የአጎቱ ልጅ የተዳረችው በፍላሽ ነው። ሚካኤል ሰይፉና እንደገና ሙሉ የኛን ድምፅ በኮምፒዩተር እየፈቱ እየገጠሙ የሠሩትም ሥራ አለ፤ የሚካኤል «ዘላለም» እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ አሳታሚ ወጥቶ ከኛ ይልቅ ፈረንጅ ነው ያዳመጠው። እኔ ለፍኖተ ሰላም ባጃጅ ነጂ አሰማሁት። ባጃጁ ከወንበሯ የሚበልጥ ስፒከር የተገጠመላት፣ መብራቷ በየምቱ ቀይና ሰማያዊ የሚለዋወጥ ናትና የድምፅ ነገር ይገባዋል ብዬ ነው። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ በትሕትና ዞር አለና «ጋሼ፣ ዘፈኑ መቼ ነው የሚጀምረው?» አለኝ።

የሰርግ ኪቦርዲስቶች ማኅበር ቢኖራቸው በግድግዳው የሚሰቅሉት ፎቶ የኃይሉ መርጊያ መሆን ነበረበት። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ላይ ብቻውን ስቱዲዮ ገብቶ አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከማሽን ከበሮ ጋር አዋሕዶ አንድ ካሴት ሠራ። አንድ ሰው፣ አንድ ሙሉ ባንድ፤ የቡሬው ባለኪቦርድ በየቅዳሜው የሚያደርገውን። ከዚያ በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ሲነዳ ኖረ፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ ከመኪናው ውስጥ ኪቦርድ እያወጣ ይለማመድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ያ ካሴት በአሜሪካ እንደገና ታተመና ዓለም ተሯሩጦ አጨበጨበለት፤ ሰውየውም ወደ መድረክ ተመለሰ። ይህን ሁሉ በስሜት ለቡሬው ኪቦርዲስት ተረክሁለት። በጥሞና ሰምቶኝ ሲያበቃ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረው፦ «ታክሲዋ የራሱ ነበረች?»

አሁን ወደ ሌላኛው ዕብደት ልሻገር። ከአዲስ አበባ አንድ ወዳጄ መጣ፤ ጆሮው ላይ ትልቅ ማዳመጫ፣ በእጁ ጠጉር የለበሰ መቅጃ። «ያልተበረዘ የገጠር ድምፅ» ፈልጎ ነው። ቀድቶ ወስዶ በኮምፒዩተር ሊበርዘው። ከዳሞት ገበሬ መንደር አንድ አዝማሪ ተፈልገው ተገኙና ከዋርካ ሥር ተቀመጡ። ወዳጄ መቅጃውን አዘጋጅቶ «ይጀምሩ አባቴ» አላቸው። አዝማሪው ማሲንቋቸውን ጭናቸው ላይ አስተኝተው ዝም አሉ።

«ማይኩስ?»

«ማይክ አያስፈልግም፤ እንዲሁ በተፈጥሮ ይጫወቱልኝ።»

«ያለ ማይክ?» አሉ ቅር ብሏቸው። «ምን በድዬ?»

ወዳጄ ኤኮውን በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ እንደሚጨምርላቸው አስረዳ። እሳቸው ደግሞ በኋላ የሚጨመር ነገር እንደማይወዱ፣ ወሮታውም ሆነ ኤኮው አሁኑኑ እንዲሆን እንደሚሹ አስረዱ። ግማሽ ቀን ተከራክረው ከከተማ በባጃጅ ሞንታርቦ መጣ። ወዳጄ ያልተበረዘውን ድምፅ የቀዳው ከሞንታርቦው ፊት ለፊት ተቀምጦ ነው።

እኒህ አዝማሪ ደግሞ በሰርግ ወቅት ሌላ ሥራ አላቸው፤ ለቪዲዮ ይከራያሉ። የኪቦርዱ ፍላሽ ውስጥ የማሲንቆ ድምፅ አለ፤ የማን እጅ እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ ከሞባይል ቤት ሞባይል ቤት እየተገለበጠ ነው የመጣው። ድምፁ ካለ ባለቤቱ ምን ይሠራል? ቪዲዮ ቀራጩ ግን ባሕል እንዲታይ ይፈልጋልና አዝማሪው ነጭ ለብሰው ከኪቦርዱ ጎን ይቀመጣሉ። ይገዘግዛሉ፤ ማይክ የላቸውም። ካሜራው እጃቸውን ይወስዳል፣ ሞንታርቦው ፍላሹን ይወስዳል፣ ደጋሹ ለሁለቱም ይከፍላል። ስለ ፍላሹ ማሲንቆ ምን ይላሉ ብዬ በጨዋታ መሐል ጠየቅኋቸው። የፈረንጅ ኪቦርድ ኦክታቩን እኩል አሥራ ሁለት ቦታ ቆራርጦ ነው የሚሰጠው፤ የእሳቸው ጣት ግን ከፈረስ ጭራ በተሠራችው አንዲት ክር ላይ ስታልፍ በሁለት ቁልፎች መሐል፣ ፋብሪካው በማያውቀው ቦታ ነው የምታድረው። ይህን ሁሉ አላሉኝም። «ደኅና ነው» አሉ፤ «ግን ደረጃ ይወጣል ይወርዳል እንጂ አይንሸራተትም።»

ኪቦርዲስቱም ሞኝ አይደለም፤ ጉድለቱን ያውቃል። በግራ አውራ ጣቱ ድምፅ ማጠፊያዋን ጎማ ወደ ላይ ወደ ታች እያሸ ሊያንሸራትት ይታገላል፤ አንዳንዴም ይሳካለታል። እሱን የሚያሸንፈው «ተቀበል!» የሚል ሰው ነው። ሞቅ ያለው እንግዳ ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ ዱላውን ተመርኩዞ፣ «ተቀበል!» ሲል አዝማሪ ቢሆን ግጥሙን ከአፉ ነጥቆ፣ ሰምና ወርቁን ለይቶ፣ የባላንጣውን ስም ሳይጠራ ነካ አድርጎ ይመልስለታል። ኪቦርዲስቱ ግን ቀጣዩን ዘፈን ከዝርዝር ውስጥ እየፈለገ ነው። እንግዳው ደግሞ «ተቀበል!» ይላል። አልተቀበለም። ሦስተኛው ላይ የተናደደው እንግዳ ሄዶ መቶ ብር አውጥቶ የኪቦርዲስቱ ግንባር ላይ ይለጥፋል፤ ይቺን ታዲያ ወዲያው ተቀበለ።

ሽልማቱም ጦስ አለው። አንድ ዕለት ላብ የነካት ብር ከግንባሩ ተንሸራትታ ዓይኑን ጋረደችው፤ ሪትም መቀየሪያውን ልንካ ሲል ቅኝት ከፍ ማድረጊያውን ነካና ዘፈኑ መሐል መንገድ ላይ ግማሽ ድምፅ ወደ ላይ ተፈናጠረ። አብሮት የነበረው ዘፋኝ ከታች ቀረ። ሁለቱ እስኪገናኙ ድረስ ዳሱ ውስጥ ሁለት ሰርግ ነበር። ሕዝቡ ግን መጨረሻው የደረሰ መስሎት ባለ በሌለ ትከሻው ወረደበት፤ ምሽቱን ሙሉ እንደዚያ ያለ እስክስታ አልታየም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ኪቦርዲስቱ ያንኑ ዘፈን ያንኑ ቦታ ላይ ሆን ብሎ አፈናጠረው። ዘፋኙ አሁንም ከታች ቀረ፤ አልተነገረውም ነበር።

ማንኩሳ አቅራቢያ በነበረ ሰርግ ደግሞ መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ አለ፤ ቤንዚኑ ግን ማን ይግዛ በሚል ክርክር ሳይገዛ ቀርቷል። ጎረምሶቹ ስልካቸውን አብርተው ጨለማውን ቪዲዮ መቅረጽ ጀመሩ። ሴቶቹ ማጨብጨብ ያዙ። የሙሽራው አክስት ከጓዳ ከበሮ አወጡ፤ አንገታቸው ላይ አጠለቁና እልልታውንም ራሳቸው ከፈቱት። ረጅም፣ ጠራ ያለ፣ ጫፉ ላይ የሚንቀጠቀጥ እልልታ። ኪቦርዲስቱ ሥራ ፈትቶ ቆሞ ነበርና ስልኩን ቀስ ብሎ አስጠጋላቸው። ቤንዚን ሲመጣ «እናቶች፣ አመሰግናለሁ፣ ዕረፍት አድርጉ» ብሎ ሁሉንም አስቀመጣቸው።

በሳምንቱ ጅጋ ላይ ሌላ ሰርግ ሆነ፤ የዚያው ዘመድ ነው፤ አክስትም ታድመዋል። ሙሽሮቹ ዳሱ ደጃፍ ሲደርሱ ኪቦርዲስቱ አንዲት ቁልፍ ነካ። ከግራና ከቀኝ ሞንታርቦ ያቺው እልልታ፣ ኤኮ ተደርቦባት፣ ከተፍ አለች። እልል ሊሉ አፋቸውን የከፈቱ ሴቶች መልሰው ዘጉ፤ ማሽኑ ጨርሶላቸዋል። አክስት ነጠላቸውን ወደ ጆሯቸው ሰብስበው እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

«ውይ ይቺ ሴት!» አሉ ጎናቸው ላለችው። «ያለጥርጥር የድሮ ሰው ናት። የዛሬ ሴቶች እንዲህ ያለ ጉሮሮ ከየት እናመጣለን?»

ተነሡ፣ ሕዝቡን እየከፈሉ ሄዱ፣ ከመቀነታቸው ሃምሳ ብር ፈትተው ኪቦርዲስቱ ግንባር ላይ ለጠፉለት።